የጉልባኑ ውሃ

ስድስት ኪሎ ካምፓሱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ የሰው ጽሑፍ ስተይብ፣ ሳባዛና ስጠርዝ ሃያ ዓመት አለፈኝ። በእጄ ያላለፈ ነገር የለም፤ የስንዴ ዋግ፣ የውል ሕግ፣ የግዕዝ ግስ። አነበዋለሁ ማለት ግን አይደለም። ጣት ይሠራል፣ ዓይን ይከተላል፣ ልብ ሌላ ቦታ ይውላል። እንደዚያ ባይሆን ይሄኔ ወይ ፕሮፌሰር ወይ እብድ ሆኜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሜሮን የምትባል የማስተርስ ተማሪ የጥናቷን የአማርኛ ማጠቃለያ በእጅ ጽፋ አመጣችልኝ። ርዕሱን መተየብ ጀመርኩ፦ «ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ የሲናፕስ ፕሮቲኖች በሰው አንጎል ውስጥ የሚገኙበት ቦታ»። ጣቴ ቆመ። ፕሮቲን እኔ የማውቀው በምስርና በሥጋ ነው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ። ከኋላዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ የወረቀት ጠርዝ የምታስተካክለው ታናሽ እህቴ ብርቄ፣ ያለባት ነገር ስሙ ያ መሆኑን ሐኪም የነገረን አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው።

እስቲ አስረጂኝ አልኳት ሜሮንን። ልጅቷ ደግ ናት፣ ከኋላዋ ወረፋ የያዙትን ችላ ብላ አስረዳችኝ። አንጎል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት መገናኛ አለ፤ ሲናፕስ የሚሉት እሱን ነው። ፕሮቲኖቹ እዚያ መገናኛ ላይ፣ በሰጪውም በተቀባዩም በኩል ሆነው ሥራውን ያሳልጣሉ። ሥዕሉን አሳየችኝ፤ ለሁለት የተከፈለ አንጎል ላይ ቀይ ነጠብጣብ። እኔ አንድ የተበላሸ ቦታ ያለ መስሎኝ ነበር። የለም፤ ከላይ በተሸበሸበው ክፍልም አለ፣ ከኋላ በታች ባለው ትንሹ አንጎልም አለ። መቼ ነው የሚጀምረው ብዬ ጠየቅኳት። ገና ያልታወቀው ይበዛል አለች፤ ግን ብዙው ነገር ልጁ ሳይወለድ የሚጀምር ነው።

«የፈላ ውሃ አያመጣውም?» አልኳት።

«እናትየዋ ጠጥታ ነው ማዘር?»

«ደጅ ተደፍቶ።»

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ኧረ አያመጣውም» አለች ቀስ ብላ።

እኔ አራዳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያስወጣው ዳገት ላይ፣ ከአባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሰፊ መንገድና መብራት ነው ያለው። ባለፈው ሄጄ ደጃችን የቱ ጋ እንደነበረ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቀኑ ስቅለት። እናትና አባቴ ለስግደት ማልደው ጊዮርጊስ ሄደዋል፤ ሁለት ዓመት የሞላትን ብርቄንና ምድጃ ላይ የተጣደውን ጉልባን ለእኔ ትተው። የባቄላና የስንዴው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፤ እኔም ጾሙ አንጀቴን ይዞኛል። እማዬ ስትወጣ አስጠንቅቃኛለች፤ ሲበስል ውሃውን እዚያው አቀዝቅዢው፣ በቀትር ትኩስ ነገር ደጅ አይደፋም፣ ግድ ከሆነም በስመ አብ ሳትዪ እንዳትደፊ ብላ። የማይታዩት በቀትር ደጅ ላይ ናቸው፤ ትኩስ ውሃ ያረፈበት ደግሞ ቂሙን በቤቱ ሕፃን ላይ ይወጣል ይባላል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም።

ጎረቤት ያለች ጓደኛዬ በአጥር ጠራችኝ። ለወሬ ቸኩዬ ድስቱን አንስቼ ውሃውን ከነትኩሱ ቦዩ ላይ ገለበጥኩት። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ነው በስመ አብ አለማለቴ ትዝ ያለኝ። ብርቄ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ አራት ቃል ታውቃለች፤ እማ፣ እንካ፣ ውሃ፣ የእኔን ስም ጽጌን ደግሞ «ጼ» ትለዋለች። እንፋሎቱን እያየች «ውሃ» አለች።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ ጣሪያችን በዝናብ ሲደበደብ የብርቄ ቃላት አንድ በአንድ ጠፉ። መጨረሻ የሄደው «ጼ» ነው። ስትጠራ አትዞርም፤ የድስት ክዳን መሬት ላይ ስታሽከረክር ትውላለች። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ያ ውሃ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር የአሥራ ሦስት ዓመት ሆድ ይችለዋል? አይችለውም።

መስቀል እንዳለፈ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ ከጎጃም መጡ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ብርቄን ሁለት ቀን ከጭናቸው ሳያወርዱ አጎረሷት። ሰፈሩ ግን ማማት ጀምሮ ነበር፤ በአባቴ ዘር እንዲሁ አፍ ሳይፈታ የሞተ አጎት አለና ከደማቸው ነው ይባል ነበር። አባቴ ከሱቁ ወጥቶ ቀና ብሎ መሄድ አቅቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ከትሪው ሰብስበው ጠየቁ፤ በቀትር ትኩስ ውሃ ደጅ የደፋ አለ ወይ? መጀመሪያ አባቴን አዩት፣ ቀጥለው እኔን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«እማዬ ናት፣ የጉልባኑን ውሃ» አልኩ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች እሷ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ። አባቴም ያውቃል፤ አብረው ሄደው አብረው ነው የተመለሱት። አንድ ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ከደሙ ላይ የወረደለትን ሸክም መልሶ ሊያነሳው አልፈለገም፤ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ረስቼ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። አባቴ መጀመሪያ መኝታውን ሱቅ ውስጥ አደረገ፤ ጥምቀትን እንኳ ከእኛ ጋር ሳይውል ጠቅልሎ አገሩ ገባ፤ እዚያም ሌላ ትዳር መሠረተ አሉ። እናቴ ብርቄን አዝላ ያልረገጠችው ጠበል የለም። ልጇን በገዛ እጇ የለከፈች እየተባለች፣ የዕድር ሴቶች በቀትር ደጃችን ላለማለፍ መንገድ ሲቀይሩባት እያየች ኖረች። አንዴ ብቻ፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስንልጥ፣ እውነቱን ለሰው ልናገር ነው ብዬ አለቀስኩ። ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ተይው። አንቺ ገና ባል ታገቢያለሽ፣ ትወልጃለሽ። ይሄ ስም አንቺ ላይ ከሚቀር እኔ እችለዋለሁ።»

ነገሩ ይሄ ነው፤ እሷም አምናዋለች። ልጄን የጎዳችው ልጄ ናት ብላ አምና፣ ስሟን ሰጥታ ሸፈነችኝ። ጉልባን ግን ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተቀቅሎ አያውቅም። የብርቄን በሽታ ስም ሳትሰማ ሞተች። እኔም አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ብወልድ እኔ እጅ ላይ ምን ይሆን ይሆን እያልኩ ዕድሜዬ አለቀ። ያቺ ሴት የከፈለችልኝን ሁሉ በከንቱ አስቀረሁባት።

ለሜሮን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ማጠቃለያውን ተይቤ ጨረስኩላትና ያንን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ገጽ አንድ ትርፍ ቅጂ ላስቀር ብዬ አስፈቀድኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሃምሳ አልፏታል፤ ጠጉሯ ከእኔ በላይ ሸብቷል። ሥዕሉን አሳየኋት።

«ውሃው አይደለም አሉ፣ ብርቄ» አልኳት። «እኔም አይደለሁም፣ እማዬም አይደለችም።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ፊቱን አላየችውም። ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ደርባ ጠርዙን በመዳፏ እየመታች አስተካከለችው።

ውሃውን ከደፋሁ አምሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ከውሃው ነጻ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ብርቄን የጎዳት ውሃው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የእማዬ መከራ ምክንያት ነበረው። አሁን ግን የቀረው የእኔ አፍ ብቻ ነው። ውሃው ማንንም አልነካም፤ «እማዬ ናት» ያልኩት ቃል ግን ቤት አፍርሷል።

በማግስቱ ሜሮን የተጠረዘውን ልትወስድ ስትመጣ፣ ውሸትስ አንጎል ውስጥ የቱ ጋ ነው የሚገኘው ብዬ ጠየቅኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እሱን ገና አላጠኑትም ማዘር አለችኝ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።