ከሪማ፣ የሜሞሪ ባለአደራ

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ቁይ ከተማ ገበያ ዳር፣ ከጨርቅ ሱቋ ጥግ ኮምፒውተር ዘርግታ ዘፈንና መዝሙር በስልክ ሜሞሪ ላይ የምትጭን ከሪማ የምትባል ሴት ነበረች። የኮምፒውተሯ ፊት ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ ከባለሜሞሪው በቀር ማንም አያየውም። የሰው ፋይል አትከፍትም፤ ለራሷም አታስቀርም። ሌላ ሱቅ ውስጥ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ሾልኮ ልጅቱ ከሰው ዓይን ተደብቃ ቀርታለች። ከሪማ ያን አልረሳችም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ አመተ ሥላሴ የምትባል ወጣት ባለትዳር ገባች።

«መዝሙር ጫኝልኝ፣ እቴ። ግን ሜሞሪው ላይ የቀዳሁት ድምፄ አለበት።»

«ምን ብለሽ?»

አንገቷን ደፍታ በለሆሳስ አንጎራጎረች፦

እንሂድ አለኝ እግሬ፣ እንቅር አለኝ ሆዴ፤
ማንኛውን ልስማ፣ ሁለቱም ዘመዴ።

«የባሌ ዱላ መረረኝ። እሑድ ልጠፋ ነው። የምሄድበትንም ተናግሬበታለሁ።»

«ምነው ታዲያ መቅዳትሽ!»

«ለማን ልንገር? ስልኩ አይመታኝ። አሁን አጥፊልኝ።»

«ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። የሚያውቅበት ሰው ይመልሰዋል። አጥፍቼ ላዩን በመዝሙር ጢም ካላደረግሁት አይቀበርም።»

«ቅበሪልኝ።»

ስክሪኑ ላይ የመጫኛው አረንጓዴ መስመር እንደ ደከመ በሬ መጎተት ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ በሩ ጨለመ፤ የባሏ ወንድም ደምለው ነው፣ ዱላውን ይዞ።

«ለስልክ ስታንጎራጉሪ ሰምቼሻለሁ። ሜሞሪውን ወዲህ በይ!»

ከሪማ ዓይኗን ከመስመሩ አልነቀለችም።

«እየጫንኩ ነው፣ ወንድሜ። ሳያልቅ ከተነቀለ ይበላሻል።»

«ሜሞሪ ነው እንጂ ታቦት መሰለሽ እንዴ?»

«ታቦቱንስ ቄሱ ይነካዋል። ይሄን ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም።»

ደጅ የቆሙት ሳቁ። ደምለው ፊቱ ቀላ፤ ግን እዚያው ቆሞ ጠበቀ። መብራቱ አንዴ ብልጭ ድርግም ሲል የሁለቱ ሴቶች ትንፋሽ አብሮ ቆመ። ተመለሰ። መስመሩ ዳር ደረሰ። ከሪማ ሜሞሪውን ነቅላ በአመተ ሥላሴ መዳፍ ላይ አኖረች።

«እንካ፣ ስማው» አለች አመተ ሥላሴ፣ ሜሞሪውን ለደምለው እየሰጠች።

እሱም የራሱ ስልክ ውስጥ ከትቶ ከፈተው፤ መዝሙር። ቀጣዩን፤ መዝሙር። ጆሮው ላይ ለጥፎ ገበያው እስኪፈታ ሰማ።

በሳምንቱ ገበያ ደምለው ብቻውን መጣ። አመተ ሥላሴ እሑድ ለቅዳሴ እንደወጣች አልተመለሰችም፤ ስልኳንም ከነሜሞሪው አልጋዋ ላይ ትታ ሄዳለች።

«ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስጄ ባለሙያ አስፈተሽኩት» አለ፣ ሜሞሪውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ። «መዝሙር ብቻ ነው ያወጣልኝ። ምን ነበረበት? የት ሄደች?»

ከሪማ የለካችውን ጨርቅ በመቀስ ቆረጠች።

«የሰው ፋይል አልከፍትም፣ ወንድሜ» አለችው።