ካልቸር የተባለው ዱቄት

የሺአረግ ቦሌ በተከራየቻት ቤት ማድቤቱን ላቦራቶሪ አድርጋ ጊዜዋ የሚባለውን ተክል ታሳድግ ነበር። ያው ለቡዳ የሚታጠነው ጊዜዋ ነው፤ እሷ ግን ጭሱን ሳይሆን ውስጡ ያለውን መድኃኒት ነበር የፈለገችው። ከቅጠሉ ቁራጭ ወስዳ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ፣ እንደ ጄሊ በረጋ የተክል ምግብ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ቁራጩ አፈር ሳያይ እያበጠ ይባዛል፤ መድኃኒቱ ከዚያ ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እሷ ላይ ግን ስንት ዓመት ሻጋታ ሲጫወትባት ኖሮ፣ በሰማንያ ስምንት ክረምት ነው አንዱ ዘር እሺ ያላት።

ይሄኔ ምግቡን የሚያረጋው ዱቄት አለቀ። አጋር ይባላል፤ እዚህ አይገኝም። ጓደኛዋ ከውጭ የላከላት ካርቶን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ የጉምሩክ መጋዘን ደርሶ ተገተረ። ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ደግሞ ምግባቸውን ጨርሰው መጥቆር ጀምረዋል። ቢቸግራት በቡላ ልታረጋ ሞከረች፤ ገንፎ ሆነባት።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ላጲሶ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ቲሹ ካልቸር።»

«ካልቸር ባህል አይደል? በይ ከባህል ሰዎች ደብዳቤ አምጪ።»

«ኧረ ጋሼ! ተክል ማሳደጊያ እኮ ነው፤ ባህልን ምን አገባው?»

«እኔ ነኝ እንዴ የጻፍኩት?»

እያረረች ባህል ሚኒስቴር ሄደች። የቅርስ ጉዳይ የሚያዩት ወይዘሮ ሃረገወይን ደጃቸውን የሚጠናው ሁሉ መስቀልና ሙዳይ ይዞ ከአገር የሚወጣ ስለሆነ፣ አጣርተውም አልጠየቋት፤ የለመዱትን ደብዳቤ አስጽፈው ማኅተም መቱላት። የሺአረግም ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አላየችም። ሮጣ መጋዘኑ ስትደርስ አቶ ላጲሶ ምሳ ወጥተዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

በማግስቱ አቶ ላጲሶ ፊታቸው በርቶ ጠበቋት።

«ሳናጉላላሽ ጨረስንልሽ! በማታው አውሮፕላን ሄዷል።»

«ወዴት ነው የሄደው?»

«ወደ መጣበት ነዋ!» ብለው ደብዳቤውን ዘረጉላት፦ «ዕቃው ቅርስ ስላልሆነ ከአገር ቢወጣ ተቃውሞ የለንም።»

አገሩ ውስጥ ቶሎ የተሠራላት ሥራ ይሄ ብቻ ነው። መሳደብ ፈለገች፤ ሰውዬው ግን ምስጋና እየጠበቁ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ቤቷ ስትገባ የመጨረሻዎቹ ቁራጮችም ጠቁረዋል። ከሰል አቀጣጠለች። ጎረቤቷ ሙሉነሽ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ምነው፣ አንቺም ለቡዳ ማጠን ጀመርሽ?» አለቻት።

«የበላኝ ነገርማ አለ» አለች የሺአረግ፤ ጠርሙሱን ፍሙ ላይ ገለበጠችው። የጠቆረው ጊዜዋ እርጥብ ስለነበር ፍሙን አጠፋው፤ አልጨሰም።