በሁዳዴ እንቁላልና ወተት

ትናንት ጠዋት የልጄ ልጅ አያት ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን ስልኳን ይዛ እንግሊዝኛ ትለማመዳለች። ስልኩ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። "ቁርስ ምን በላሽ?" ቢላት "ዳቦ፣ እንቁላልና ወተት" አለችው በእንግሊዝኛ። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜዬ በእንቁላል ማፈሬ አይገርምም?

ያን መልስ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ ገዝቼ የገበያውን፣ የሥራውን፣ የሐኪም ቤቱን ምዕራፍ ሁሉ ሸመደድኩት። ያኔ የምንኖርበት የሲግናል ሰፈር ሰው "አስተርጓሚው" ይለኝ ጀመር። ጉራዬ አይጣል ነበር፤ ባለሱቁን እንኳ "ጉድ ሞርኒንግ" ሳልለው አላልፍም።

ሁዳዴ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ስኳር ተገኘባቸውና፣ የውጭ አገር ሐኪም ወደመጣችበት ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። የክሊኒኩ ነርስ ብታስተረጉምም የራሴ ሰው ይሻለኛል ብለው ነው። መንገዱን ሙሉ አደራ አሉኝ።

"ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ራጉኤል ወጥቼ ጠበል እንደምጠጣ ንገርልኝ። እንዳትረሳ።"

አልረሳሁም። ግን ጾም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል መጽሐፌ ላይ አልነበረም። ሐኪሟ "ጠዋት ቁርስ ይበላሉ?" ስትል ግን እንደ ውሃ የጠጣኋት ጥያቄ መጣችልኝ። ነርሷ በሩ ላይ ነበረች፤ ልጠራት እችል ነበር። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

"ዳቦ፣ እንቁላልና ወተት ይበላሉ" አልኩ፣ ሳልንተባተብ።

ሐኪሟ እንግሊዝኛዬን አደነቀችና ቁርስ ይበላሉ ብላ የስኳር ክኒን በየጠዋቱ አዘዘች። ቡና እንኳ የማይቀምሱትን ሴትዮ በሁዳዴ እንቁላል አበላኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ክኒኑን በባዶ ሆዳቸው ውጠው ራጉኤል ሲወጡ ስኳራቸው ወርዶ ባሕር ዛፎቹ መሀል ወደቁ። እግዜር ይስጣቸው፣ መንገደኞች ስኳር በጥብጠው ግተው አተረፏቸው። ማታ ልጠይቃቸው ስገባ አልጋቸው ላይ ሆነው እጄን ያዙኝ።

"ጾመኛ መሆኔን ነግረህልኝ ነበር፣ አይደል?"

"ነግሬያታለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያ ሐኪሟ ናት የማታውቅ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ክኒን የሚባል አልነኩም፤ በጠበሉ ብቻ ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ስኳሩ ዓይናቸውን ወሰደው። ድምፄን በሰሙ ቁጥር "አንደበትህ ይባረክ፣ አንተ እንኳ ደክመህልኝ ነበር" ይሉኝ ነበር። ትከሻቸውን ስሜ ቶሎ እወጣለሁ። ሳልነግራቸው ሞቱ።

ትናንት ልጅቱ ስልኩን አስጠጋችልኝ። "አባባ፣ አንተም መልስለት።"

"ጾመኛ ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም" አልኩት በአማርኛ።

ሳቀች። "አባባ ደግሞ፣ አማርኛ አይገባውም እኮ።"

"አይግባው" አልኳት። ያኔ ለሐኪሟም እንዲሁ በአማርኛ ብላት ኖሮ፣ አልገባት ሲል ነርሷን ትጠራት ነበር።