ቀይ ወይናችን ድስት ውስጥ ዐረፈ

በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን፤ የአገራችን ቀይ ወይን ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ደብረ ታቦር፣ እኛ ቤት፣ በድንገት ድስት ውስጥ ዐርፏል። 😭

ከዱባይ የተመለሰችው እህቴ «የሐበሻ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር አይሄድም» አለች። እኔ «ይሄዳል!» አልሁ። ተወራረድን፤ የተሸነፈ የሳምንቱን ሳህን ሊያጥብ።

ጠርሙሱን ከፍቼ ብርጭቆ ይዤ ብመለስ እማዬ ወጡ ላይ ታፈሰዋለች!

«ኧረ እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አብሮ ይሄዳል አላልህም? ይኸው አብሬ ሰደድሁት!»

እህቴ ቀመሰች። ደገመች። እንጀራ አስጨመረች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከወጡ ጋር እንጂ ከዶሮው ጋር አልሄደም!» 😂

አሁን ሳህን እያጠበች ነው፤ ስድቧ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

እናንተስ ቤት ቀይ ወይን ከምን ጋር ሄደ? ጻፉልኝ።

እውነቱን ለመናገር እማዬ የጨመረችው አንዲት የቡና ስኒ ብቻ ነው፤ ቀሪውን በሰላም ጠጥተነዋል።