የፈረመ ይሳፈራል

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ባለው የኢሚግሬሽን ማቆያ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የአንድ አዛውንት አልጋ ላይ ነው። ብርድ ልብሱ ያለ አንድ ሽብሽብ ተወጥሮ ተነጥፎ ነበር። እኔ አገር ቤት የጦር መሣሪያ ክምችትን ነቅፌ በጻፍኩት ጽሑፍ ሰባት ወር ታስሬ፣ ከዚያ ወጥቼ ድንበር ላይ ጥገኝነት ስጠይቅ ተይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። እስር ቤትን አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። ይኼኛው ግን ንጹሕ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መብራቱም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

“ተቀመጥ ልጄ” አሉኝ። “በአማርኛ ካወራሁ አርባ ቀን አለፈኝ።”

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወጣትነታቸውን ቀይ ባሕር ዳር የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮችን ሲጠግኑ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር።

እንግሊዝኛ ስለምችል ብዙም ሳልቆይ የክፍሉ ጸሐፊ ሆንኩ። በአጭር እርሳስ የሰዎችን ኬዝ፣ ለዳኛ የሚቀርበውን የጥገኝነት ታሪካቸውን፣ እጽፋለሁ። የምጽፈው እውነቱን ነው፤ ሳሳ ያለ ከመሰለኝ ግን ጨው ጣል አደርግበታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዳኛ ግን እስኪጠራ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ጋሼ ዳኛ ፊት ሊቀርቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጽሑፋቸውን ጨረስኩና ከምሳ በኋላ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ታሪካቸው አጭር ነው። አገር ውስጥ የተሠራ የሄሊኮፕተር ዕቃ መርምረው እንዲያጸድቁ ከጡረታ ተጠሩ። አልፈርምም አሉ። በአሻጥር ተከሰው ታሰሩ፤ ሲለቀቁ አገር ጥለው ወጡ። እኔ ደግሞ መሀሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፤ “ያልፈረምኩት የጦር አውሮፕላን መሥራትን ስለምቃወም ነው” የሚል።

እጃቸውን አነሡ። “ይኼን ማን አለ?”

“ጋሼ፣ ኬዙን ስትሮንግ ያደርገዋል። ፖለቲካ ከሌለበት ዲናይ ያደርጉዎታል።”

“እኔ ነኝ የምቃወመው? ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ?”

“ይመልሱዎታል እኮ!” አልኩ። ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ጮኽ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ጠባቂዋ ዞር ብላ አየችን።

እሳቸው ረጋ ብለው አወሩልኝ። በወጣትነታቸው ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ድንገት ተቋረጠ። ሄሊኮፕተሮቹ ቆሙ፤ የቆመን ብረት ደግሞ የባሕር ጨው ይበላዋል። አንድ ብረት አቅላጭ፣ አንድ የቶርኖ ሠራተኛና እሳቸው የጅራቱን መዘውር የሚይዘውን ዕቃ ራሳቸው ለመሥራት ተነሡ። ከወደቀ አውሮፕላን ብረት አቀለጡ። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርተው ጣሉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሦስቱም ፈረሙ። በወርክሾፑ አንድ ሕግ ነበር፤ ዕቃው ላይ የፈረመ ሰው በመጀመሪያው በረራ ይሳፈራል።

“ገባን” አሉኝ። “የቶርኖ ሠራተኛው ዋና አይችልም። መሬቱ ከኋላችን ጠፋ፤ ከሥር ውሃ ብቻ። ጆሮዬን ወደ ጅራቱ ጥዬ አዳመጥኩ። ድምፁ ልክ ነው! ያቀለጥነው እኛ፣ የላግነው እኛ፣ የተሸከመንም እሱ። ብረት አቅላጩ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ።”

አገር ቤት ባሳሰረኝ ጽሑፍ ውስጥ ጠመንጃ ነበር፣ ጄኔራል ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

“ሁለተኛውስ? ያልፈረሙበት?”

“እሱን በላምባ አሸሁት፣ ጠረግኩት፣ ጠመኔ ነፋሁበት። ላምባው በጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ። ስንጥቅ አለ ማለት ነው። አለቃው ‘ምረቃው ነገ ነው፣ ፈርም’ አለኝ። ‘ሌላ ይሠራ፣ እፈርማለሁ’ አልኩት። የሠሩት ልጆች እጃቸው ወርቅ ነው፤ ጊዜ ነው የነፈጓቸው። ግን እኔ የማልገባበት ላይ የሰው ልጅ አላስገባም።”

ከዚያ እርሳሴን ተቀበሉኝ። እንግሊዝኛውን ስለማያነቡት የጨመርኩት የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። የመታወቂያ ካርዳቸውን እንደ ማስመሪያ አስደግፈው ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። መስመሩ አንዲትም ፊደል አልሳተም።

“አሁን ጻፍ። ዕቃው ስለተሰነጠቀ አልፈረምኩም። ደኅና አድርገው ቢሠሩት እፈርም ነበር።”

“ጋሼ፣ ይኼ ጉድ ያደርግዎታል።”

“የምሳፈረው በዚህ ነው” አሉና ፈረሙ።

የዚያኑ ቀን የራሴን ወረቀት ከፍራሼ ሥር አወጣሁ። አገር ቤት ታስሬ ሳለ ክንዴን እንደሰበሩኝ ይናገራል። ክንዴ ተሰብሮ አያውቅም። የተሰበረው ከጎኔ ባለው ክፍል የነበረ ሰው ክንድ ነው፤ እኔ ጩኸቱን ሰማሁ። እየፈራሁ ሰረዝኩት። በምትኩ “ከጎኔ የነበረውን ሰው ክንዱን ሲሰብሩት ጩኸቱን ሰምቻለሁ” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ለጋሼ ዳኛዋ፣ አለመፈረማቸው እንደ ተቃውሞ ተቆጥሮባቸው ነው የታሰሩት ብላ፣ ጥገኝነት ፈቀደችላቸው። የኔ ተራ ሲደርስ ያቺን መስመር ሁለቴ አንብባ፣ ሰውየው ምን እያለ ይጮህ እንደነበር ጠየቀችኝ። የእናቱን ስም ይጠራ ነበር አልኳት። ስናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ለኔም ተፈቀደልኝ።

ዛሬ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። የጦር አውሮፕላን አሁንም አልወድም፤ ለጋሼ ስነግራቸው ይስቁብኛል። ከሥራ መልስ እዚያው አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት፣ አንድ ሱቅ ጥግ ተቀምጬ ለአዲስ መጪዎች ኬዝ እጽፋለሁ። “ትንሽ ጨምርበት” የሚለኝ አይጠፋም። አልቆጣውም፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ያ ከጎኔ ታስሮ የነበረው ሰው ግን በሐሳቤ ይመጣብኛል። ክንዱን ሰብረውት ነበር፤ እኔ ደግሞ ስብራቱን ልወስድበት ነበር።