የአክስቴ ጤነኛ ስንዴ

አክስቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «በሩ ይዘጋ» ነው የሚሏት። ሰው ገብቶ ገና ሰላም ሳይል «በሩ ይዘጋ!» ትላለች። እኛ ቤት ስትመጣም አመሏ አይለቃትም። አንድ ጊዜ እናቴን በገዛ ማድቤቷ በር ተቆጥታት፣ እናቴ እስከ ዛሬ ቂም ይዛባታለች።

ቁጣዋ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የምትሠራው የሰብል ምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት የመስታወት ክፍሎች አሉ፤ በአንደኛው ስንዴ ሆን ተብሎ በዋግ ይታመማል፣ በሌላኛው ያው ስንዴ በጤና ይቀመጣል። ዋግ ማለት ቅጠሉ ላይ ዝገት መስሎ የሚወጣው ፈንገስ ነው። ብናኙ ከዱቄት የቀለለ ስለሆነ በሰው ልብስ ተሳፍሮ የትም ይደርሳል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጤነኞቹ ጋ፣ ከዚያ በሽተኞቹ ጋ። ከበሽተኞቹ የወጣ ሰው ታጥቦ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ጤነኞቹ ዝር አይልም።

አክስቴ ከሁለቱም ክፍሎች ቅጠል ትቆርጣለች፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አጠንክራ በሙቀጫ ትወቅጣለች። ከዚያ በኋላ የትኛው ዘረመል እንደነቃ፣ የትኛው እንደተኛ ማሽኑ ይነግራታል። ለእኛ ስታስረዳ እንዲህ ትላለች፦ «ስንዴ ሌባ ሲገባበት ሌላ ሥራውን ትቶ ይጮኻል። ምግብ የሚሠሩት ዘረመሎች ይቀዘቅዛሉ፣ ዘበኞቹ ይነሳሉ። ደካማ ዝርያ ከሆነ ሌባው ዘበኞቹን አፍ አፋቸውን ይዞ ስኳሩን ይልሳል። ብቻ የታመመና ያልታመመ ስንዴ ውስጡ አንድ አይሆንም።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ተምረሽ፣ ስንዴ ይጮኻል ትይኛለሽ?» ይላታል አባቴ።

አባቴ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ገበሬ። ባለፈው ዓመት ዋግ ማሳውን ሙልጭ አድርጎ ስለበላበት፣ ጣቢያው አወጣዋለሁ የሚለውን አዲስ የስንዴ ዘር ዓይኑ እስኪቀላ ይጠብቅ ነበር። «ከእንግዲህ አንድ መከር ከከሸፈብኝ፣ መሬቱን ለሰው ሰጥቼ ከተማ ዘበኛ እሆናለሁ» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። አክስቴ የተወለደችው እዚያ መሬት ላይ ነው። ወንድሟ በስተርጅና የሰው በር ሲጠብቅ ማየትን ያህል የምትፈራው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ያ አዲሱ የስንዴ ዝርያ ለሙከራ ዋግ በተረጨበት ዕለት ትልቅ እንግዳ መጣ። የጣቢያው ኃላፊ እንግዳ ይወዳል፤ እንግዳ ከጠፋ ራሱን ያመዋል። ሕጉን ያወጣው እሱ ስለሆነ ሕጉ እሱን የሚመለከት አይመስለውም። እንግዳውን ከነአጀቡ ይዞ መጀመሪያ የገባው በሽተኞቹ ጋ ነው። ጤነኛ ስንዴማ የትም አለ፣ ማንን ያስደንቃል? እንግዳው ቅጠሉን ዳበሰ፣ በኮቱ ታከከው፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ አጀቡ በሙሉ ወደ ጤነኞቹ ክፍል ዞረ።

በሩ ላይ የቆመችው አክስቴ ናት። ኃላፊው ከሩቅ በአገጩ ምልክት ሰጣት። ይሉኝታ ከዋግ ይልቅ ፈጥኖ የሚይዝ በሽታ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ «በሩ ይዘጋ» ስትል የኖረችው ሴት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። መክፈት ብቻ መሰላችሁ? የመጨረሻው ሰው እስኪገባ በትከሻዋ ደግፋ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንኳን ደህና መጡ» አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የዋጉ ጠቃጠቆ ገና ሳይወጣ ቅጠሎቹ ተቆረጡ፤ የተረፈው ተክል እንደ ደንቡ ተቃጠለ። ውጤቱ ሲመጣ በበሽተኛውና በጤነኛው ስንዴ የነቁትና የተኙት ዘረመሎች ቁርጥ አንድ ሆኑ።

«ልዩነት የለም!» አለ ኃላፊው፣ በደስታ ሊበር ደርሶ። «ዋጉ ምንም አላደረገውም ማለት ነው! ይሄ ዝርያ ዋግን ከቁብ አይቆጥረውም!»

ማሳ ላይ የተሞከረውንም ዋግ አልነካውም ተባለ። በዚያ ወቅት ዋግ የሚባል ነገር በአካባቢው አለመምጣቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ወሬው በሬዲዮ ሲነገር አባቴ ሬዲዮኑን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው።

አክስቴ ግን ውጤቱን እንዳየች ነገሩ ገባት። በጤነኛው ስንዴ ውስጥ መተኛት የነበረባቸው ዘበኞች በሙሉ ተነስተዋል። ሁለቱ አንድ የሆኑት ሁለቱም ስለታመሙ ነው።

በዚያ ሰሞን እኔ እሷ ጋ ነበር የማድረው። የቀረበላትን ምግብ ትገፋለች፤ ሲያወሯት አትሰማም። በመጨረሻ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችልኝ።

«ከተናገርኩ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ጉድ እሆናለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ወንድም ጋሼ ያንን ዘር ይዘራዋል» አለችኝ።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይመዘናል፣ አክስቴ?» አልኳት። አሳዝናኛለች፤ እውነቱን ለመናገር አናዳኛለችም።

ዘሩን ለማከፋፈል በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነስታ ቆመች። «ጤነኛ ያልነው ስንዴ ታሞ ነበር» አለች። «ከበሽተኞቹ ክፍል የወጣ ሰው በቀጥታ ገብቶበታል።»

«ማን አስገባው?» አለ ኃላፊው።

«እኔ።»

«ሰማችሁ አይደል? ራሷ ናት ያስገባችው!» አለ፣ በዚያ በር ከፊት ከፊት ያለፈው እሱ ያልሆነ ይመስል። አዳራሹም በአንድ ድምፅ ከንፈሩን መጠጠላት።

ሙከራው እንደገና ተሠራ። ያ ዝርያ እንደማንኛውም ደካማ ስንዴ በዋግ ተበላና ማከፋፈሉ ቀረ። ኃላፊው ስህተትን በወቅቱ በማረሙ ተመሰገነ፤ ትልቁ እንግዳም እጁን ሊጨብጠው ድጋሚ መጣ። ለአክስቴ የደረሳት ማስጠንቀቂያ ነው።

አባቴ አኮረፈ። «የገዛ እህቴ ዘር አስከለከለችኝ» እያለ ለሰው ሁሉ ተናገረ። እሷም ደጅ ጠንታ፣ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም ሳይቀራት፣ ለዘንድሮ ስንዴን ትቶ ድንች እንዲተክል አስማለችው። እያጉረመረመ ተከለ። ድንቹ አማረለት፤ የጎረቤቶቹን ስንዴ ግን ዋግ አነደደው። መከሩ እንዳለቀ ልንጠይቀው ሄድን።

«አየሽ?» አላት፣ ከመቀመጧ። «ማሳዬ ላይ አንዲት የዋግ ጠቃጠቆ የለችም። ያንን ዘር ብትተዪልኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

«ወንድም ጋሼ፣ የተከልከው እኮ ድንች ነው!»

«ቢሆንስ? መሬቱ ያው መሬት ነው።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ። አክስቴ ክርክሩን ትታ ወደሚያስጨንቃት ነገር ገባች። «ለከርሞስ ምን አሰብክ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ምን አስባለሁ? እዚሁ ነኛ። አርሳለሁ።»

ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አባቴም ጥፋቷን አምና ያለቀሰች መስሎት ይቅር አላት።