በበቆሎ የተቆጠረው መንደር

ያን ዕለት፣ ከሳምንት ሙሉ ዝናብ በኋላ፣ ፀሐይ ወጣች። የነሐሴ መጨረሻ ነበር። የረር ተራራ ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥቁሩ አፈር ግን ገና አልደረቀም፣ እግር ከያዘ አይለቅም። ወርቅነሽ ቦቲ ጫማዋን ከጭቃው እየመነጨቀች ከወረዳ ከመጣችው ልጅ ፊት ፊት ትሄድ ነበር።

መንደሩ ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ ነው። አስፋልቱም፣ ፋብሪካውም፣ ባጃጁም፣ የቧንቧ ውሃውም ማዶ ቀርተዋል። ወዲህ ያለው የጤፍ ማሳ ነው፤ በማሳው መሀል እዚህም እዚያም የተበተነ ቆርቆሮ ቤት። ወንዙ ከላይ የተደፋበትን ሁሉ ይዞ ስለሚወርድ አይጠጣም። ስለዚህ ሴቱ ሁሉ ጀሪካን አዝሎ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ይሻገራል፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል። የወርቅነሽ ወገብ ከከዳት ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን የምትቀዳላት ልጇ ሥርጉት ናት፤ ሥርጉት ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት።

በዚያ ዓመት ወረዳው ለመንደሩ የጋራ ውሃ መቅጃ ቦኖ ሊያስገባ አሰበ፤ ግን አምስት መቶ ሰው ካልሞላ ተራው ለሌላ መንደር ያልፋል ተባለ። ተቆጠረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ።

ወረዳ የላካት ፈርዶሳ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «እማማ፣ እኔ ራሴ ከዚህ በላይ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ለማረም የቀረን ሦስት ቀን ነው። ቤቱን ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለቻት።

እውነት ነው። ወርቅነሽ ሦስተኛ ክፍል ሳትጨርስ ከትምህርት ወጥታለች፤ ካርታ አታነብም። ግን የእድሩ እቃ ያዥ ናትና የማን ቤት የት እንደሆነ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ቁጥሩ ለምን እንዳነሰም ታውቃለች። በዚህ መንደር ክርስቲያን በለው እስላም፣ ያለውን ልጅ ልክ የሚናገር የለም። የተቆጠረ ይጎድላል ይላሉ። እሷም አንድ ጊዜ ለጠየቃት ሰው «አምስት ልጆች አሉኝ» ብላ፣ ዓመቱ ሳይዞር አራት ቀርተውላት ነበር። ቄሱ ኩፍኝ ነው እንጂ ቁጥር ልጅ አይገድልም አሏት። እውነታቸውን ነው አለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን እውነተኛ ቁጥር ከአፏ አልወጣም።

መጀመሪያ የገቡት ባለሱቋ ሰኪና ቤት ነው።

«ስንት ናችሁ?» አለች ወርቅነሽ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለን።»

«ቁጥሩን ነው፣ ሰኪና።»

«ሦስት በይ።» በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ብቻ ስድስት ጥንድ ነው። ሰኪና የወርቅነሽን ዓይን ተከትላ አየችና ሳቀች። «አንቺስ? ስንት አስጻፍሽ፣ እስቲ ንገሪኝ?»

የወርቅነሽ ቤት ስድስት ነፍስ አለው፤ ሦስት ነበር ያስጻፈችው። ወደ ምድጃው ዞር ስትል የጓሮ እሸት በቆሎ እሳቱ ላይ ተደርድሯል።

«ለዛሬ ስንት በቆሎ ቆረጥሽ?» አለቻት።

«ሰባት።»

«ለእያንዳንዱ አንድ አንድ?»

«ትንሹ ልጄ ሙህሲን ሁለት ካልሰጡት ቤቱን ያፈርሳል። አንዱን ለሱ ሆዳምነት ቀንሺ።»

«ስድስት በይ ልጄ» አለች ወርቅነሽ ወደ ፈርዶሳ ዞራ። ሰኪና ምን እንደተደረገ የገባት ያኔ ነው። ተቆጥታ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ጥግ ያሉትን ባዶ ጀሪካኖች አየችና ዘጋችው። «የቆጠርሽው በቆሎ ነው» አለች። «ሰው አልቆጠርሽም።»

«በቆሎ ነው እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። በየቤቱ ወርቅነሽ ስለ እሸት ትጠይቃለች፣ ሴቱ እየሳቀ ይመልሳል፣ ፈርዶሳ ትጽፋለች። የተቸገሩት አቶ አምባው ዘንድ ብቻ ነው።

«እኔ በቆሎ ከተውኩ ቆየሁ፣ ጥርስ የለኝም» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲያው እርስዎን እንዝለልዎት?»

«ጥርስ የሌለው ውሃ አይጠጣም ያለሽ ማነው? ጻፊኝ።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፈርዶሳ የወርቅነሽ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደመረች። አምስት መቶ ሰላሳ አንድ። ወርቅነሽ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«የእርስዎ ቤት ሦስት እንደተባለ ነው» አለች ፈርዶሳ ቀስ ብላ። «ሞልቷል፤ ባይነካም ይሆናል።»

ወርቅነሽ ሥርጉትን አየቻት፤ ሆዷን ይዛ በሩን ተደግፋ ቆማለች። መተው ትችል ነበር። ግን የሰኪናን ልጆች አስጻፍኩ፣ የሁሉን አስጻፍኩ፣ የራሴን ሸሽጌ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አለች በልቧ።

«ስድስት ነን» አለች። በበቆሎ አላሳበበችም።

ሁለት ወር ሙሉ ጭንቅ አየች፤ ሌሊት ልጅ ባሳለ ቁጥር እየተነሳች ግንባሩን ትዳስሳለች። ሥርጉት በጥቅምት በሰላም ተገላገለች፣ ሴት። ማንም አልጎደለም። ቦኖው በግንቦት ቆመ፤ የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ጠራ።

ወርቅነሽ ዛሬም እዚያው ቤት ናት። ወገቧ አልዳነም፣ ይድናል ብላም አታስብም። ጠዋት ጠዋት ከሰኪና ሱቅ ጎን ካለው ቦኖ ግማሽ ጀሪካን ራሷ ቀድታ ትመለሳለች። ቤቱ ውስጥ ሰባት ናቸው።